ኃይለማርያም ደሳለኝ
ኃይለማርያም ደሳለኝ (ሐምሌ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በወላይታ፣ ቦሎሶ ሶሬ ተወለዱ) የቀድሞ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ወደ ዲፕሎማሲው የመጡት ከምህንድስና ሙያ ነው፤ በፊንላንድ ታምፔሬ ተምረው የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን፣ ኋላም የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

በ2003 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በሚኒስትርነቱ የተኩት ስዩም መስፍንን ነው፤ ስዩም ለሃያ ዓመት ገደማ ከሠሩ በኋላ በቻይና አምባሳደር ሆነዋል። የኃይለማርያም ቆይታ ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆንም የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው (መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.) በዚሁ ጊዜ ነው። የዓባይ ጉዳይ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ በሆነበት ወቅት ኃላፊው ውሃ የሚያውቅ መሐንዲስ መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው።

መለስ ዜናዊ ካረፉ በኋላ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ኅብረት ሊቀመንበር ስለነበሩ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት 50ኛ ዓመት በአዲስ አበባ የተከበረው በእሳቸው ዘመን ነው። አገሪቱ በተቃውሞ ስትናወጥ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የሥልጣን መልቀቂያ ጥያቄ አቀረቡ፤ መጋቢት 24 ቀንም ዐቢይ አሕመድ ተኳቸው።