የቅድመ ግንባታ ሥነ ቅርስ ግምገማ

የቅድመ ግንባታ ሥነ ቅርስ ግምገማ መንገድ፣ ግድብ ወይም ሕንጻ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ጥንታዊ ቅርስ መኖር አለመኖሩ፣ ካለም ስፋቱ፣ ጥልቀቱና ይዞታው የሚጣራበት የአርኪዮሎጂ ሥራ ነው። ዓላማው ቦታውን ቆፍሮ መጨረስ ሳይሆን፣ ግንባታው እንዲቀጥል፣ ዲዛይኑ እንዲለወጥ ወይም ሙሉ ቁፋሮ እንዲቀድም ለመወሰን የሚያስችል መረጃ ማግኘት ነው።

አሠራር

በመጀመሪያ የቆዩ ካርታዎች፣ የአየር ፎቶግራፎችና መዛግብት ይመረመራሉ፤ የአካባቢው ሽማግሌዎችም ይጠየቃሉ። ቀጥሎ ባለሙያዎች መሬቱን በእግር እየዞሩ የሸክላ ስባሪ፣ የድንጋይ መሣሪያና የግንብ ፍርስራሽ ይመዘግባሉ። አፈሩ ሳይነካ ከሥር ያለውን ለማወቅ ራዳርና የኤሌክትሪክ ልኬት ይረዳሉ። በመጨረሻም በተመረጡ ቦታዎች ጠባብ የሙከራ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ።

ሰዎች በተለያዩ ዘመናት የኖሩበት ቦታ የአፈር ንብርብሮች አሉት፤ ካልተዛባ በቀር የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በላይኛው አዋሽ የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ የብዙ የድንጋይ ዘመን ደረጃዎች ቅርስ በአንድነት የያዘ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ንብርብሮቹ በቁፋሮ ማሽን ከተደባለቁ ዕቃው ቢተርፍ እንኳ የየትኛው ዘመን እንደሆነና ከምን ጋር እንደነበረ ማወቅ እጅግ ያዳግታል።

በኢትዮጵያ ሕግ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋና ጥናት ማካሄድን ይከለክላል። ለማዕድን፣ ለመንገድ ወይም ለሕንጻ ሲቆፍር ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና ቅርሱን ባለበት መጠበቅ አለበት። ይህ ግዴታ ግን የሚመጣው ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ነው። ቀድሞ ለማጣራት የሚያገለግለው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሲሆን፣ በባህላዊ ቅርስ ላይ የሚደርስ ለውጥንም እንደ ተፅዕኖ ይቆጥራል።

የአክሱም ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ የተወሰደው 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ፣ ዳግም ከመተከሉ በፊት ቦታው በዩኔስኮ አማካይነት በራዳርና በኤሌክትሪክ ልኬት ተጠና። በአካባቢው፣ የመኪና ማቆሚያ በሆነው ቦታ ሥር ጭምር፣ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታወቀ። ሐውልቱ በ2000 ዓ.ም. የተተከለው ከዚህ ጥናት በኋላ ነው።

በከተማ፦ ፒያሳ

እንደ ፒያሳ ባለ የከተማ ሰፈር መሬቱ በአስፋልትና በቤት ስለተሸፈነ የእግር አሰሳ ብዙ አያሳይም። የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ሲዛወር ቦታው መልኩን ቀየረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ግምገማው ከመሬት በላይ ይጀምራል፦ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፕላኑ ይወሰዳል፤ የሙከራ ጉድጓድ የሚቆፈረው ከፈረሰ በኋላ፣ አዲሱ መሠረት ከመውጣቱ በፊት ነው።