ሳይጠሩ የሚነሡ ፕሮግራሞች

አንድ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ባለቤቱ ያላዘዛቸው ብዙ ፕሮግራሞች ይነሣሉ። ከእነዚህም የሚበዙት አስፈላጊ ናቸው፤ ሌሎቹ ትርፍ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በመካከላቸው ሰላይ ይገኛል። ሰላዩ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር አብሮ መነሣት ካልቻለ ዕድሜው አጭር ነው። በመሆኑም የፀረ ስለላ ሶፍትዌር ታሪክ በአመዛኙ ከመክፈቻው ጋር የሚነሣው ማን እንደሆነ የማወቅ ትግል ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዶስ ዘመን ጥያቄው ቀላል ነበር። ማሽኑ ሲነሣ የሚፈጸሙት ትእዛዞች አውቶኤግዜክ በሚባል አጭር ፋይል ተጽፈው ይገኙ ስለነበር ያንን ከፍቶ ማንበብ ብዙውን ጊዜ ይበቃ ነበር። ይሁን እንጂ ያን ጊዜም ቀድሞ የሚነሣ አልጠፋም፤ በ1986 በፓኪስታን ላሆር የተሠራው ብሬይን የተባለው ቫይረስ የሰፈረው ማሽኑ ከሁሉ አስቀድሞ በሚያነበው የፍሎፒ ዲስክ ክፍል ላይ ነበር። ዊንዶውስ 95 በመጣ ጊዜ ደግሞ ዝርዝሩ ተበታተነ፤ ከፊሉ በስታርታፕ ፎልደር፣ ከፊሉ ሬጂስትሪ በሚባለው መዝገብ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ገባ። ከዊንዶውስ 98 ጋር የመጣው ኤምኤስኮንፊግ ከዚህ የተወሰነውን ብቻ አሳየ። ማርክ ሩሲኖቪችና ብራይስ ኮግስዌል የሠሩት አውቶራንስ ግን መደበቂያዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ በአንድ ገጽ ላይ አሰፈራቸው፤ ማይክሮሶፍትም ድርጅታቸውን በ2006 ገዛው። በ2000 የተጀመረው ስፓይቦትም በበኩሉ ቲታይመር የሚባል ዘበኛ ነበረው፤ አዲስ ፕሮግራም በመዝገቡ ሊመዘገብ ሲል ባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን በቀን አሥር ጊዜ የሚጠየቅ ሰው ሳያነብ «እሺ» ማለትን መልመዱ አልቀረም።

በአገራችን መከራው የመጣው በሌላ በር ነው። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እንደምትገኘው እንደ ፀዳ ባሉ ከተሞች፣ የኢንተርኔት መስመር ውድና ዘገምተኛ በነበረባቸው ዓመታት፣ የተማሪው ማስታወሻም የቢሮው ደብዳቤም ከማሽን ወደ ማሽን የሚሻገረው በፍላሽ ነበር። የዚያን ጊዜው ዊንዶውስ ደግሞ ፍላሹ ሲሰካ በውስጡ የተጻፈውን የመክፈቻ ትእዛዝ አንብቦ እንዲፈጸም መንገድ ይከፍት ነበር። በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍት በሩን በዊንዶውስ 7 ዘጋው፤ ለቀድሞዎቹም በ2011 ማሻሻያ ላከላቸው። ነገር ግን ማሻሻያው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው! ኢንተርኔት በማጣቱ በፍላሽ የሚሠራው ሰው መድኃኒቱም የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ሆነ።

ይህ ሁሉ የሚጎዳው የደረሰበትን ሁሉ እንጂ አንድን ሰው ለይቶ አልነበረም። ከ2012 ወዲህ ግን ሰላዩ ስም ይዞ መምጣት ጀመረ። በመጋቢት 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ እንደ ወጥመድ የሚጠቀም ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም ማግኘቱንና ፕሮግራሙ የሚገናኘው በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ካለ ማሽን ጋር መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በውጭ አገር በሚገኙ ሁለት የኢሳት ባልደረቦች ላይ ሦስት ሙከራ ተደረገ፤ ሲቲዝን ላብም መሣሪያው ሚላኖ የሚገኘው ሃኪንግ ቲም ሥራ ነው አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት በጊዜው አስተባበለ። በሐምሌ 2015 የሃኪንግ ቲም ደብዳቤዎች ተዘርፈው ለሕዝብ በወጡ ጊዜ ግን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ መካከል ተገኘ። በሜሪላንድ የሚኖር ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የስካይፕ ንግግሩ ተቀድቷል፣ የቤተሰቡም የኢንተርኔት አጠቃቀም ተሰልሏል ሲል በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ክስ አቅርቦ ነበር፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለም በማለት በመጋቢት 2017 ክሱን ዘጋው። ከማሽኑ የተገኘው ዱካ እውነት ይሁን አይሁን ሳይመረመር ቀረ።

የተለመዱት አንቲቫይረሶች እንዲህ ያለውን ሰላይ በቀላሉ አላገኙትም፤ አምራቾቹ ለዚሁ ሲሉ እየፈተኑ የሠሩት ነበርና። ስለዚህ በኅዳር 2014 አምነስቲ ኢንተርናሽናልና አጋሮቹ ዴቴክት የተባለ ነጻ መሣሪያ አወጡ። የመሣሪያው ዋና ደራሲ ክላውዲዮ ጓርኒየሪ የመረጠው መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሰላዩ ፋይሉን ቢሸሽግም፣ በመክፈቻ ዝርዝሩ ላይ ስሙን ቢለውጥም፣ ሲሠራ ግን ከማሽኑ የሥራ ማኅደር ውስጥ መገኘቱ አይቀርም፤ ዴቴክትም የፈለገው እዚያ ነው። መሣሪያው ሰላዩን አያስወግድም ነበር፤ አላገኘሁም ማለቱም ንጹሕ ነህ ማለት አልነበረም፤ ሠሪዎቹም ይህን አልደበቁም። ቆይቶም ተቋረጠ።

በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተሠራ ሌላ ሰላይ በውጭ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችን ሲያድን መቆየቱ ተገለጠ። የመጣውም የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ነበር። ማሻሻያ በጊዜው አስገቡ እየተባለ ሲመከር የኖረውን ሰው በዚያው ምክር ማጥመድ ነበር። ሲቲዝን ላብ ነገሩን ከአንድ ዓመት በላይ ሊከታተል የቻለው ግን ሰላዮቹ የተጠቂዎቻቸውን መዝገብ ማንም ሊያነበው በሚችል ስፍራ ሳይቆልፉ ትተውት ስለነበረ ነው።