ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፦ አምባዛን ምን ያህል ታውቁታላችሁ? 🐟

ከአዳማ በቆቃና በመቂ አድርጋችሁ ባቱ (ዝዋይ) ስትሄዱ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ቆሮሶ አጠገብ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ያለው፣ ጠቆር ያለ ረጅም ዓሣ ካያችሁ አምባዛ ነው።

👉 መልኩ
ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ቅርፊት የለውም። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ስለሚከለክል የማይበሉት ብዙዎች ናቸው። አፉ ዙሪያ 8 ጢሞች አሉት። በደፈረሰ ውሃና በጨለማ ምግቡን የሚፈልገው በነሱ እየዳሰሰ ነው። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

👉 አየር ይተነፍሳል!
ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ አካል አለው። በሱ ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይስባል። ኦክስጅን አንሶ ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እሱ የሚተርፈው ለዚህ ነው። ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ በእርጥብ መሬት ላይ ተስቦ ወደ ሌላ ውሃ የሚሻገርበት ጊዜም አለ።

👉 የት ይኖራል? ምን ይበላል?
ከደቡብ አፍሪካ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ይገኛል። እኛ ጋ በአዋሽ ወንዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅና በሌሎችም አለ። የዝዋይ ሐይቅ ግን የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ በኋላ የገባ ነው። ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ ትንንሽ ዓሣ፣ ዕፅዋት፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

👉 ታዲያ ምን ያሰጋዋል?
ክረምት ላይ ውሃው ሞልቶ ዳር ያለውን ሣርና ቄጠማ ሲያጥለቀልቅ አምባዛ ወደዚያ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥላል። እንቁላሉ ሣሩ ላይ ተጣብቆ በ1 ወይም በ2 ቀን ይፈለፈላል። ወላጆቹ አይጠብቁትም። እንግዲህ የሐይቁ ዳር ለሽንኩርትና ለቲማቲም ሲታረስ፣ ውሃው በፓምፕ ተስቦ ሲቀንስ የሚጠፋው ይኸው ማራቢያው ነው። በዚያ ላይ ለመራባት ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲሰበሰብ በቀላሉ ይያዛል፤ እንቁላል የያዘች አንዲት ዓሣ ተያዘች ማለት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ቀረ ማለት ነው።

አገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ (ቁጥር 315) አላት። አዋጁ ወረቀት ላይ አለ፤ ቄጠማው ግን ዳር ላይ ካልቆየ አምባዛም አይቆይም።

⚠️ ለምትበሉት፦ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ጥገኛ ትላትሎች ስለሚገኙ ጥሬውን አትብሉ። በደንብ ይብሰል!

ዓሣ ለሚወድ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።