ፌት (የሳይንስና የሒሳብ ሲሙሌሽኖች)

ፌት በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው፣ ተማሪዎች ራሳቸው እየነካኩና እየሞከሩ ሳይንስና ሒሳብ የሚማሩባቸው የኮምፒውተር ሲሙሌሽኖች ስብስብ ነው። በ2002 የጀመሩት የፊዚክስ ሊቁ ካርል ዋይማን ናቸው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው የተነሳው ከፊዚክስ ስለነበር ስሙም «የፊዚክስ ትምህርት ቴክኖሎጂ» ከሚል የእንግሊዝኛ መጠሪያ የተወሰደ ነው፤ በኋላ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ የመሬት ሳይንስና ሒሳብ ሲታከሉ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ። ዛሬ ከ150 በላይ ሲሙሌሽኖች አሉት። ከ100 በሚበልጡ ቋንቋዎች የተተረጎሙ ሲሆን አማርኛም ከነዚሁ አንዱ ነው። ለመጠቀም ክፍያ አይጠየቅም።

አጀማመር

ዋይማን የ2001ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከኤሪክ ኮርኔልና ከቮልፍጋንግ ኬተርለ ጋር የተጋሩት አተሞችን ወደ ፍጹም ዜሮ እጅግ አስጠግቶ በማቀዝቀዝ የቦዝ-አይንስታይን ኮንደንሴት የተባለውን የቁስ ሁኔታ በመፍጠር ነው። ስለዚህ ሥራ በየቦታው ንግግር ሲያደርጉ «ፊዚክስ 2000» ከተባለ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ያገኟቸውን ሲሙሌሽኖች ያሳዩ ነበር። አድማጩ የትምህርት ቤት ልጅም ይሁን የፊዚክስ ፕሮፌሰር፣ ከንግግሩ ሁሉ በአእምሮው የሚቀረው ሲሙሌሽኑ መሆኑን አስተዋሉ። ከሽልማቱ ገንዘብ ከፊሉን አውጥተው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ታክሎበት፣ ፌት ተጀመረ።

የተመሠረተበት የማስተማር ሐሳብ ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። የትምህርት ፈላስፋው ጆን ዱዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሳይንስ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ተሰፍሮ እንዳለቀ ዕውቀት እንጂ እንደ አስተሳሰብ መንገድ አይደለም ሲሉ ወቅሰዋል። በ1960ዎቹ የትምህርት ምሁሩ ጆሴፍ ሽዋብ ከዚህ አልፈው ተማሪው ስለ ጉዳዩ በክፍል ከመማሩ በፊት ላብራቶሪ ይግባ አሉ። በ1996 የወጣው የአሜሪካ የሳይንስ ትምህርት ስታንዳርድ ጥያቄ-መር ትምህርትን ዋና ምሰሶው አደረገ። በዚህ መንገድ ተማሪው ይጠይቃል፣ ይገምታል፣ ይሞክራል፣ ካገኘው ማስረጃ ተነስቶ ያብራራል፣ ማብራሪያውንም በጓደኞቹ ፊት ይሟገትበታል። ለዚህ ሁሉ ዕቃና ሰዓት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት ደግሞ ሁለቱም ያጥሩታል። ፌት ሊሞላ የተነሳው ይህን ክፍተት ነው።

አሠራር

የፌት ሲሙሌሽን ሲከፈት ረጅም መመሪያ አይቀድመውም። ዕቃዎቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ የሚጎተተው እንደሚጎተት፣ የሚጫነው እንደሚጫን በመልኩ ያስታውቃል። አዘጋጆቹ አንድ ሲሙሌሽን ከመልቀቃቸው በፊት ተማሪዎችን አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ ምንም ሳያስረዷቸው እንዲነካኩትና የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ያደርጋሉ። ተማሪው ከተደናገረ የሚታረመው ሲሙሌሽኑ ነው። ለሕጻናትም ለአዋቂዎችም በሚዘጋጅ ሶፍትዌር ውስጥ ይህን ያህል ትሕትና ብዙ አይገኝም።

የፔንዱለሙ ሲሙሌሽን ጥሩ ማሳያ ነው። በክር ጫፍ ክብደት ተንጠልጥሏል። ተማሪው የክሩን ርዝመትና ክብደቱን እየለዋወጠ፣ አንድ ሙሉ ምልልስ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይለካል። ክብደቱ ሲጨምር ፍጥነቱም ይጨምራል ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ ክብደቱን አሥር እጥፍ ቢያደርገው ግን ጊዜው ፍንክች አይልም። ርዝመቱን ሲነካ ነገሩ ይለወጣል። የ1 ሜትር ክር ለአንድ ምልልስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር 1 ሰከንድ ያህል። ርዝመቱ ለአራት ተካፍሎ ጊዜው ለሁለት ብቻ ለምን ተካፈለ? እዚህ ላይ የደረሰ ተማሪ ቀመሩን ገና አላየም፤ ስኩዌር ሩት የሚባለው ነገር ግን ከፊቱ ቆሟል። ከዚያ ስበቱን ወደ ጨረቃ ወይም ወደ ጁፒተር ይለውጣል። በምርጫዎቹ መካከል «ፕላኔት ኤክስ» የሚባል የስበቱ መጠን ያልተገለጸ ዓለምም አለ። ተማሪው መጠኑን የሚያውቀው ምልልሱን ለክቶ ራሱ ካሰላ ብቻ ነው።

ክርና ድንጋይ የማይገኝበት ትምህርት ቤት የለም። ስለዚህ መምህሩ ትምህርቱን በእጅ በሚዳሰሰው ፔንዱለም ጀምሮ፣ ሲሙሌሽኑን ክርና ድንጋይ ለማይደርሱበት ለጨረቃና ለፕላኔት ኤክስ ቢያቆየው ይሻላል።

የሰርኪዩት ጥናት

ከፌት ሥራዎች በጥናት ረገድ ይበልጥ የሚታወቀው ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ እየተገጣጠሙ ሰርኪዩት የሚሠራበት ሲሙሌሽን ነው። በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ትንንሽ ሰማያዊ ኳሶች ሆነው ሲጓዙ ይታያሉ። ከረንት አምፖሉ ጋ ሲደርስ «ይበላል»፣ ከአምፖሉ ማዶ የሚያልፈው ያንሳል የሚለው እምነት በየአገሩ ተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ኳሶቹ ከአምፖሉ በፊትም በኋላም በአንድ ፍጥነት ሲያልፉ ያየ፣ ከዚያም የከረንት መለኪያውን (አሜትሩን) በሁለቱም በኩል አስገብቶ አንድ ቁጥር ያነበበ ተማሪ እምነቱን ለመከለስ ይገደዳል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ ያገናኘ እንደሆነ ደግሞ ባትሪው እሳት ይተፋል። በቤት ኤሌክትሪክ «ኮንታክት ፈጠረ» የሚባለው ምን እንደሆነ ማንም ሳይጎዳ ይታያል።

የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪው ኖህ ፊንከልስታይንና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያሳተሙት ጥናት ብዙዎችን አስገርሟል። የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በእውነተኛ ዕቃ፣ ግማሾቹ በሲሙሌሽን የሰርኪዩት ላብራቶሪያቸውን ሠሩ። ከዚያ ሁለቱም ቡድኖች እውነተኛ ሰርኪዩት ገጥመው አሠራሩን በጽሑፍ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። በሲሙሌሽን የተማሩት፣ ያንን ዕቃ በዚያ ላብራቶሪ ሳይነኩ፣ ስለ ሰርኪዩት ጽንሰ-ሐሳብ በተሰጠው ፈተናም በመግጠሙና በማስረዳቱም በለጡ። ከዚህ ተነስቶ ላብራቶሪ ይዘጋ ማለት ስህተት ነው። የላላ ሽቦ፣ የደከመ ባትሪ፣ በለኩት ቁጥር በጥቂቱ የሚለዋወጥ ውጤት የሳይንስ ሥራ አካል ናቸው፤ ሲሙሌሽን ደግሞ እነዚህን አጽድቶ ያቀርባል። ጥናቱ የሚያሳየው የማይታየው ሲታይ የሚገኘውን ጥቅም ነው።

የመምህሩ ድርሻ

ጥያቄ-መር ትምህርት ያለ ተቃውሞ የኖረ አይደለም። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጀማሪ ተማሪን በትንሽ ምሪት መልቀቅ አእምሮውን ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል፤ ግልጽ ማስተማር ይሻላል ብለዋል። በቀጣዩ ዓመት ሲንዲ ህሜሎ-ሲልቨርና ባልደረቦቻቸው የሰጡት መልስ፣ በደንብ የተዘጋጀ ጥያቄ-መር ትምህርት ምሪት የሞላበት ነው የሚል ነበር። ክርክሩ ምሪት ይኑር አይኑር ከሚለው ይልቅ ምሪቱ ምን ዓይነት ይሁን በሚለው ላይ ቢያርፍ ይጠቅማል። ለዚህም የፌት ሰዎች ራሳቸው ያቀረቡት ማስረጃ አለ።

ዌንዲ አዳምስና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን በተለያየ የምሪት መጠን ሲሙሌሽን አስነኩ። «ይህን ጫን፣ ያንን ለካ፣ በሠንጠረዡ ሙላ» የሚል ዝርዝር መመሪያ የተሰጣቸው የታዘዙትን ብቻ ፈጽመው አቆሙ፤ ከመመሪያው ውጭ ያለውን አልነኩም። አንድ ሰፊ ጥያቄ ብቻ የተሰጣቸው ግን በራሳቸው ጥያቄ እየተመሩ ብዙ መረመሩ። ይህ ለመምህር ትልቅ ነገር ነው። ከፌት ጋር የተያያዙ፣ መምህራን ራሳቸው የሚጭኗቸው የመልመጃ ወረቀቶች ብዙ ናቸው፤ ምርጡን ሲሙሌሽን በአንድ ገጽ የትእዛዝ ዝርዝር ማምከን ይቻላል። «አምፖሉን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይበልጥ አብሩት፤ ለምን እንደበራ ለጎረቤታችሁ አስረዱ» የሚል አንድ መስመር ከሃያ ተራ ቁጥር የበለጠ ያስተምራል።

ተመሳሳይ ሥራዎች

በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማርሺያ ሊን የመሩት ዋይዝ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሙሉ የጥያቄ ፕሮጀክቶችን በድረ ገጽ ያቀርባል፤ የአውሮፓው ጎ-ላብ ደግሞ መምህሩ የራሱን የምርመራ ገጽ እንዲገነባ ያስችላል። ከነዚህ በዓይነቱ የሚለየው በ2007 የተጀመረው ጋላክሲ ዙ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ተሳታፊው የሚመረምረው እውነተኛ የቴሌስኮፕ ፎቶ ነው። በዚያው ዓመት ሃኒ ቫን አርከል የተባሉ የኔዘርላንድስ መምህርት በአንድ ጋላክሲ አጠገብ ማንም ምንነቱን ሊነግራቸው ያልቻለ ብርሃናማ ነገር አይተው ጠየቁ፤ ጥያቄው የብዙ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን ሥራ ወለደ፤ አካሉም በስማቸው ይጠራል።

ቴክኒክና ስርጭት

የመጀመሪያዎቹ ሲሙሌሽኖች የተሠሩት በጃቫና በአዶቤ ፍላሽ ነበር። ስልክና ታብሌት እነዚህን ስለማይቀበሉ፣ ፍላሽም በ2020 መጨረሻ ስለተቋረጠ፣ በማንኛውም አሳሽ ወደሚከፈተው ኤችቲኤምኤል 5 በየተራ ተሸጋግረዋል። በአንዳንዶቹ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በድምፅ ገለጻና በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ መሥራት ይችላሉ። እያንዳንዱ አዲስ ሲሙሌሽን እንደ አንድ ፋይል ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ በፍላሽ ዲስክ ከመምህር ወደ መምህር ይተላለፋል። ለተቆራረጠ ኔትወርክ ተብሎ የተሠራው ኮሊብሪ የተሰኘ መድረክም ፌትን ይዟል።

በኢትዮጵያ

የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪ ተኮር ማስተማርን ይዞ ተነሳ። ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው ቴክኖሎጂ ግን «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ነበር። ስርጭቱ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሄድ ነበር፤ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረው፤ ተማሪው መሃል ላይ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይቆምለትም ነበር። ሲሙሌሽን ግን በተማሪው ወይም በመምህሩ እጅ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይደገማል።

የአማርኛውን ትርጉም የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ወደ አማርኛ የተመለሰው ሁሉም ሲሙሌሽን አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የአማርኛው ገጽ ይበልጥ የሚጠቅመው በአማርኛ ለሚማሩ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ነው። በከፍተኛዎቹም ቢሆን መምህሩ ሐሳቡን በአማርኛ አስጨብጦ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሊያስከትል ይችላል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር በማይኖርበት ክፍል አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃል፦ መምህሩ ሁለተኛውን አምፖል ከመግጠሙ በፊት የመጀመሪያው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል ወይስ እንዳለ ይቀራል ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪዎች እጅ እያወጡ ይመርጣሉ፤ ከየወገኑ አንዳንዱ ምክንያቱን ይናገራል፤ ማብሪያው የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው።