በዳይ፣ ወንጀለኛ፣ ዱርዬ፦ ጥፋት በአራዳ የተጠራባቸው ስሞች

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የደራው የአራዳ ገበያ፣ ከመሸጫነቱ በተጨማሪ የዳኝነት አደባባይም ነበር። የገበያው ሹም ነጋድራስ ቀረጥ እየሰበሰበ የነጋዴዎችን ክርክር ይዳኝ ነበር፤ ጸጥታውን የሚያስከብሩትም «የአራዳ ዘበኛ» የተባሉት ጠባቂዎች ነበሩ። በዚያ ሥርዓት ጥፋት ስሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከተጎዳው ሰው አቤቱታ ነበርና፣ ከሳሹ «ተበዳይ»፣ ተከሳሹ «በዳይ» ይባሉ ነበር፤ ባለዕዳና አበዳሪ ጉዳያቸው እስኪያልቅ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት «ቁራኛ» የተባለው ልማድም ጥፋት የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ ይታይ እንደነበር ያሳያል።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ፣ የስያሜውን ሥልጣን ከተበዳዩ ወደ መንግሥት አዛወሩት። የ1949ኙ ሕግ፣ አስቀድሞ በሕግ ያልተከለከለ አድራጎት እንደማያስቀጣ በመደንገጉ፣ «ሕገወጥ» እና «ወንጀል» የሚሉት ቃላት ልዩነታቸው ጎልቶ ወጣ፤ ውል ያፈረሰ ተከራይ ሕግ ተላልፏልና ካሣ ይከፍላል፣ በዚህ ብቻ ግን ወንጀለኛ አይባልም።

የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር፣ አራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም ደረበች። መንግሥት ለጥፋት በሕግ ስም ሲያወጣ፣ የከተማው ሕዝብ ግን ከችሎት ውጭ የራሱን ስሞች ያወጣ ነበር። «ኪስ አውላቂ» እና ከኋላ መትቶ የሚዘርፈውን የሚያመለክተው «ማጅራት መቺ» የተፈጸመውን ድርጊት ሲናገሩ፣ «ዱርዬ» ግን የሰውየውን አኗኗር እንጂ አንድም ድርጊት አይጠቅስም።

ይህ ልዩነት ወደ ሕግም ገብቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ» የሚለውን አርእስት ትቶ «የወንጀል ሕግ» ሲባል ስሙ ከአድራጊው ወደ አድራጎቱ ዞረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ግን፣ መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለውንና በአዋጁ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች በአንዱ የተገኘውን ሰው «አደገኛ ቦዘኔ» ብሎ ሰየመ። «ሰረቀ» የተባለ ሰው አለመስረቁን በማስረጃ ሊያስረዳ ይችላል፤ «ቦዘኔ» ወይም «ዱርዬ» የተባለ ግን የሚያስተባብለው አንድ የተለየ ድርጊት ስለማይቀርብለት፣ ክሱ በሕይወቱ ሁሉ ላይ ይሆንበታል። ስለዚህ ፍትሕ የሚሻ ሕግ ከሰው በፊት ድርጊቱን በስሙ መጥራት ይገባዋል።