የስትራትፎርድ የንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ትምህርት ቤትና ጥንታዊ ሕንፃዎቹ

በእንግሊዝ ዋሪክሻየር አውራጃ፣ በኤቨን ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው የስትራትፎርድ ከተማ ያለው የንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ትምህርት ቤት ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዊሊያም ሼክስፒር የተማረበት እንደሆነ ይታመናል። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ከመቶ ዓመታት በላይ በእርሱ ይቀድማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ «ግራመር ስኩል» የሚባሉት ጥንታዊ ትምህርት ቤቶች ስያሜያቸውን ያገኙት ከላቲን ሰዋስው ነው። ላቲን በዘመኑ የቤተ ክርስቲያን፣ የሕግና የምሁራን ቋንቋ ስለነበር ሰዋስውን የተማረ ወጣት ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለጽሕፈት ሥራ ይዘጋጅ ነበር።

በስትራትፎርድ ትምህርቱን ያስፋፋው የቅዱስ መስቀል ማህበር የተባለው የከተማዋ ነዋሪዎች መንፈሳዊ ማህበር ነው። ማህበሩ በ1420 አካባቢ ባለ ሁለት ፎቅ የመሰብሰቢያ አዳራሹን፣ በ1427 ደግሞ የመምህሩን ቤት በወፍራም የእንጨት ምሰሶና ማገር አሠርቷል። በ1482 ቶማስ ጆሊፍ የተባሉ ቄስ ለማህበሩ ርስት በመስጠታቸው ሰዋስው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ተደረገ።

በ1547 መንፈሳዊ ማህበራት በሕግ ሲፈርሱና ንብረታቸው ለዘውዱ ገቢ ሲሆን የትምህርት ቤቱ ህልውና አደጋ ላይ ወደቀ። መፍትሔ የተገኘው ጁን 28 ቀን 1553 በተሰጠው የንጉሥ ቻርተር ነው። ቻርተሩ የከተማውን ምክር ቤት በሕግ አቋቁሞ የማህበሩን አብዛኛውን ንብረት ሲያስረክበው ግዴታም ጥሎበታል። ለመምህሩ በዓመት 20 ፓውንድ ደመወዝና መኖሪያ ቤት እንዲሰጥ፣ 24 አረጋውያን ድሆችም እንዲጦሩ ደንግጓል። ንጉሡ ጁላይ 6 ቀን በ15 ዓመታቸው ሲሞቱ ትምህርት ቤቱ ስማቸውን እንደያዘ ቀጠለ።

የሼክስፒር ዘመን የተማሪዎች መዝገብ ዛሬ የለም። ሆኖም አባቱ ጆን ሼክስፒር የምክር ቤቱ አባል ስለነበሩ ልጃቸው በነጻ የመማር ዕድል ነበረው። አባትየው በ1568 የከተማዋ አስተዳዳሪ ሲሆኑ ተጓዥ የቲያትር ቡድኖች በከተማዋ ትርዒት እንዲያቀርቡ ፈቅደው ከምክር ቤቱ ገንዘብ ከፍለዋል።

ከአዳራሹ ጎን ያለው የማህበሩ ጸሎት ቤትም የራሱ ታሪክ አለው። ጆን ሼክስፒር የከተማው ሒሳብ ሹም በነበሩበት ጊዜ፣ የሃይማኖት ተሐድሶውን ትእዛዝ ተከትሎ በግድግዳዎቹ ላይ የነበሩት ሥዕሎች እንዲጠፉ 2 ሺሊንግ መከፈሉ በ1563/64 የሒሳብ መዝገብ ሰፍሯል። የተቀባው ኖራ ግን ሥዕሎቹን ሸፍኖ ስላቆያቸው በ1804 በእድሳት ወቅት የተወሰኑት ተገልጠዋል።

በ2013 በከፍተኛዎቹ ክፍሎች ልጃገረዶችን መቀበል የጀመረው ትምህርት ቤቱ፣ ከብሔራዊ ሎተሪ ገቢ ለቅርስ በተመደበ ድጋፍ ጭምር አዳራሹን አድሶ በ2016 ለሕዝብ ጉብኝት ክፍት አድርጓል።

ማህበሩ በ1547 ቢፈርስም ሕንፃዎቹ አገልግሎታቸውን አላጡም፤ ባለቤት፣ በጀትና በጽሑፍ የሰፈረ ኃላፊነት አብረው ተሰጥተዋቸው ነበርና።