ከቅመም ማሰሮ እስከ ዩኒየን መጋዘን
የሸክላና የቅመም ታሪክ በፎገራ ሜዳ

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ለሌላው እየሠራ የራሱን ጓዳ ለሚረሳ ሰው ነው። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ሲነገር ግን ተረት ብቻ ሳይሆን የኖረ ታሪክም ነው። በወረታና በፎገራ ሜዳ እንደ ሌላው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ አርሶ አደሩ ውሃውን በእንስራ፣ ጠላውን በጋን፣ ቅቤውንና ቅመሙን በማሰሮ ሲያኖር ኖሯል። ማሰሮዋን የሠራችው እናት ግን ብዙውን ጊዜ የምታርሰው ርስት ያልነበራት፣ ከጋብቻና ከማዕድ የተለየች ሴት ነበረች። የዩኒየኑ አባላት ምርታቸውን በጋራ መጋዘን አኑረው በጋራ በሚሸጡበት በዚህ ዘመን የምሥረታ በዓል ሲከበር፣ የመጀመሪያዋን «መጋዘን» እና ባለሙያዋን ማስታወስ ይገባል።

ቅመም የመጣበት መንገድ

የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከልና ዙሪያ፣ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ አርሶ አደሩ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ፣ ጓያና አብሽ ይዘራል። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላልም በጣና ዙሪያ ወረዳዎች የታወቁ ሰብሎች ናቸው።

ሌላው ቅመም የሚመጣው ከሩቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወረታ በስተ ሰሜን፣ በሊቦ ከምከም የሚገኘው ይፋግ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከጎጃም ተነስቶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋና ወደ መተማ የሚያቀናው ሲራራ ነጋዴ በዚህ በኩል ያልፋል። ኮረሪማ ከከፋና ከጊቤ አካባቢ በአጋሰስ ተጭኖ ይወጣል፤ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ከባሕር ማዶ ይገባል። የዛሬው ወጣችን ያለ እርሱ የማይታሰበው በርበሬ እንኳ እንግዳ ተክል ነው። ትውልዱ አሜሪካ ስለሆነ፣ ወደ አገራችን የደረሰው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ አህጉር ከተጓዘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የአባቶቻችንን ወጥ ያሞቁት የነበሩት እንደ ጥምዝ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ያሉት ናቸው።

ከዚያ ሁሉ መንገድ የመጣ ቅመም ውድ ነው። ውድ ነገር ደግሞ ማኖሪያ ይፈልጋል። ጎርፍና እርጥበት በማይለየው ሜዳ ላይ ቅመምን ከክረምት እስከ ክረምት ሳይሻግት ማቆየት የእመቤቲቱ ዋና ሙያ ነበር።

ማሰሮዋ እንዴት ትሠራ ነበር?

በጭቃ፣ በጭድና በእበት የሚሠራው ጎታ ለእህል እንጂ ለቅመም አይሆንም። ጎታ ያልተተኮሰ ጭቃ ስለሆነ ውሃ ሲያገኘው ይፈርሳል። ሸክላ ግን አንዴ በእሳት ካለፈ ወደ ጭቃነት አይመለስም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው የእሳት ጉዳይ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ በመጀመሪያ አፈር ትመርጣለች። የሜዳው መረሬ አፈር ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን ለሸክላ አያመችም። ጥሩ የሸክላ አፈር ተቆፍሮ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ አሮጌ ገል ጋር ይቦካል። የተሰበረ ማሰሮ ተፈጭቶ ለአዲሱ ማሰሮ አጥንት ይሆናል ማለት ነው። ከዚያም ባለሙያዋ የሚሽከረከር መሣሪያ ሳትጠቀም ጭቃውን እየጠቀለለች፣ እየደራረበች፣ በእጇ እያለሰለሰች ታቆመዋለች። ገጹን በለስላሳ ድንጋይ ትፈትገዋለች፤ በጥላ ሥር ለቀናት ታደርቀዋለች። በመጨረሻም በኩበት፣ በእንጨትና በጭድ ተሸፍኖ ሜዳ ላይ ይተኮሳል። እንዲህ ያለው የሜዳ እሳት ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ነፋስ ከተነሳ ወይም ዕቃው በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከነካው የሳምንት ድካም በአንድ ሰዓት ውስጥ ገል ይሆናል።

በሌላው ዓለም የቅመም ማሰሮ የሚታወቀው በሥዕሉ ነው። ቻይናውያን በነጭ ሸክላ ላይ በሰማያዊ ቀለም አበባና ዘንዶ ይሥሉ ነበር። የመካከለኛው ምሥራቅ፣ በኋላም የጣሊያን ባለሙያዎች ለቅመምና ለመድኃኒት ማኖሪያ ወገቡ ሰርጎድ ያለ፣ በቀለም ያጌጠ ማሰሮ ሠርተዋል። እነዚህ ዕቃዎች ገጻቸው እንደ ብርጭቆ በሚያብለጨልጭ ቅባት ስለሚለበጥ እርጥበት አያስገቡም። የእኛ ማሰሮ ይህ ልባጥ የለውም፤ ጌጡም በጥፍር፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ የተጫረ መስመር ነው። ታዲያ እርጥበቱን በምን ተከላከለችው?

መልሱ በእመቤቲቱ ሙያ ላይ ነው። አዲስ ሸክላ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይሟሻል፤ ማለትም በእሳት እየሞቀ እንደ ጎመን ዘር ባለ ቅባት ያለው ፍሬ ይታሻል። ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል። ቅመሙ በፀሐይ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይገባል፤ አፉ በጨርቅና በክዳን ይዘጋል፤ ማሰሮዋም ከመሬት ከፍ ተደርጋ ጭስ በሚያገኛት ቦታ ትቀመጣለች። ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ነገር ሲሆን ክዳኑ ዙሪያውን እንደ ጠላ ጋን ምርጊት ይመረግበታል። ማድረቅ፣ ማሟሸት፣ ከመሬት ማራቅ፣ አየር መከልከል፤ አራቱም ዛሬ በድኅረ ምርት ሥልጠና ላይ የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው።

ሠሪዋ ማን ነበረች?

በጎንደር አገር ሸክላ ሲነሳ የቤተ እስራኤላውያን ስም አብሮ ይነሳል። ሸክላ ሠሪዎች እነርሱ ብቻ አልነበሩም፤ ነገር ግን በጎንደር ዙሪያ፣ በደምቢያና በወገራ ሴቶቻቸው በሸክላ፣ ወንዶቻቸው በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። በታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ ክርስትና ያልተነሳ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተከለከለ። «ፈላሻ» የሚለው ስምም «ፈለሰ» ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ማደር ነበረበት። አርሶ አደሩ የሚያርስበትን ማረሻ፣ ሚስቱ የምትጋግርበትን ምጣድና የምታኖርበትን ማሰሮ ከእነርሱ ይገዛል፤ ዞር ብሎ ደግሞ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ይላቸዋል።

ይህ ጉዳት አገርን ጭምር የጎዳ መሆኑን ነገሥታቱ ሳይቀሩ ተረድተውት ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጆችን በሥራቸው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ቢነገርም ስድቡ ከገበያ አልጠፋም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ርስት አልባው ሁሉ የማረስ መብት በሕግ አገኘ። ብዙ ሳይቆይ ግን የቤተ እስራኤላውያን ጉዞ ተጀመረ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ሄዱ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚያ ጉዞ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የሸክላ ሙያም አብሮ ሄደ። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በሸክላዋ መታወቋን ባታቆምም፣ ሙያው በአብዛኛው በሌሎች እናቶች እጅ የቀጠለ ነው።

ማሰሮዋ ከጓዳ የወጣችበት ዘመን

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰው፣ በቻይናውያን የተሠራውና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና በደርግ ዘመን ሲከፈት ወረታ የመንገዶች መገናኛ ሆነች። መኪናው እህል ይዞ ወጣ፤ አበባ የተሣለበት የብረት ሳህን፣ ጀሪካንና ፕላስቲክ ይዞ ገባ። ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ዋጋውም አይከብድም። እናቶች እንስራውን በጀሪካን መተካታቸው ወገባቸውን ስላሳረፈላቸው የሚወቀስ አይደለም።

ችግሩ ያለው የተተኪው ዕቃ ታሪክ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። ትናንት ማዳበሪያ የነበረበት ጆንያ ዛሬ በርበሬ ይያዝበታል፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ታጥቦ ለዘይት ወይም ለቅመም ይውላል። መርዝ በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሳይደርቅ በፕላስቲክ የታፈነ በርበሬም ያልበዋል፤ ከዚያ አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጭበታል። ይህ መርዝ በማፍላት የማይጠፋ፣ ጉበትን የሚጎዳና ለካንሰር የሚያጋልጥ ነው። ገዢ አገሮችም መርምረው ሲያገኙት ጭነቱን ይመልሳሉ። በአንድ ቤት ጓዳ የተሻገተ አንድ ኩንታል በጋራ መጋዘን ውስጥ ሲቀላቀል የማኅበሩን ሁሉ ምርት ያበላሻል።

ለማኅበራት የሚተርፈው ትምህርት

ዛሬ አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት (ፒክስ) በየወረዳው ይታወቃል። መነሻው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሜሩን ከአርሶ አደሮች ጋር የተካሄደ ምርምር ነው። የሚሠራው አየር በመከልከል ነው፤ ነቀዙ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ይሞታል። ምርጊት የምትመርገው እናት ይህን በሳይንስ ቋንቋ ባታብራራውም በእጇ ታውቀው ነበር። ስለዚህ አዲሱን ዘዴ ለአባላት ሲያስተምሩ «አያቶቻችሁ የማያውቁት» ብሎ ከመጀመር «አያቶቻችሁ በምርጊት ያደርጉት የነበረው» ብሎ መጀመር ይቀላል፤ እውነቱም እርሱ ነው።

የሚቀጥለው ትምህርት ስለ ባለሙያዋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ላይ የተመሠረተውና በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የተተካው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ማኅበርን ለአራሽ ብቻ አልከለለም፤ የእጅ ባለሙያዎችም መደራጀት ይችላሉ። በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ እንደ ሸክላ ሁሉ ሲናቅ የኖረውን ሽመና መተዳደሪያው አድርጎ፣ ወንዱ ሊጥ ሲያቦካ ሴቷ ስታርስ አሳይቷል። ሥራ በሠሪው ዘርና ጾታ እንደማይናቅ ለማየት ከወረታ ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

የአንድ ማኅበር ጥንካሬ በመጋዘኑ ስፋት ብቻ አይለካም። በስብሰባው ላይ ማን ይቀመጣል፣ ከትርፍ ክፍፍሉ ማን ይደርሰዋል፣ የማን ሙያ ዋጋ ያገኛል የሚለውም ይቆጠራል። የቀበሌው ሸክላ ሠሪ እናት ምጣዷንና ማሰሮዋን በማኅበሩ ሱቅ የምትሸጥበት መንገድ ቢመቻችላት ለማኅበሩ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ለእርሷ ግን አያቶቿ ያላገኙት ወንበር ነው።

የሜዳው ሰው ለዘመናት ቅመሙን ለእጇ ሥራ አደራ ሲሰጥ ኖሯል። በማኅበሩ ማዕድ ላይ ሸክላ ሠሪ በገል ሳይሆን በሳህን የምትበላበት ቀን ሲመጣ፣ ያ አሮጌ ተረት በፎገራ ሜዳ ተረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።